ቅጥቅጧ ቤታችን ሻገተችብን፤ የመኖሪያ መኪናን ከእርጥበትና ከውርጭ እንዴት እንጠብቃት?

የሐይቅ ዳር ቤተሰብ (ሐዋሳ)
ሐምሌ 29፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ነገሩ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከመስመር የወጣ አሮጌ ቅጥቅጥ አይሱዙ ገዛሁ። ወንበሮቹን አስነቅዬ ቤት አደረግኋት፤ ከኋላ የእኔና የባለቤቴ አልጋ፣ በጎን የልጆቹ ተደራራቢ መኝታ፣ በሩ አጠገብ የጋዝ ምድጃና ማጠቢያ፣ ከአልጋው ሥር 80 ሊትር የሚይዝ ሮቶ። ጣሪያዋ ላይ ካለው ፖርቶመጋላ ጋር ሁለት ሶላር አሰርሁ። ለሆቴል የምንከፍለውን ገንዘብ ለናፍጣ አድርገን አገራችንን ለልጆቻችን እናሳያቸው ብለን ነው። እስካሁን ላንጋኖን፣ ወንዶ ገነትንና አርባ ምንጭን አይተውባታል። ልጆቹ መኪና አይሏትም፤ "ትንሿ ቤት" ነው የሚሏት።

ክረምት ሲገባ ግቢያችን ውስጥ አቆምኋት። ዝናብ እንዳይገባባት ያልሠራሁት ነገር አልነበረም። የጣሪያውን መገጣጠሚያ ከዳር እስከ ዳር ሲሊኮን ቀባሁ። የመስኮቶቹን ጠርዝ በፕላስተር አሸግሁ። የጣሪያውን አየር ማስገቢያ በስፖንጅ ወትፌ በላስቲክ ጠቀለልሁት። ምድጃውን የገጠመልኝ ሰው ወለሉ ላይ የተዋቸውን ሁለት ቀዳዳዎችም አይጥ እንዳይገባባቸው ደፈንኋቸው። በመጨረሻ መኪናዋን በሙሉ ወፍራም ላስቲክ አልብሼ በገመድ አሰርኋት።

ባለፈው እሑድ ፀሐይ ብቅ ስትል ላስቲኩን ገልጬ በሩን ከፈትሁ። የከረመ ጆንያ ሽታ ፊቴን መታኝ። የመስታወቶቹ የውስጥ ገጽ በሙሉ ውሃ አውጥቷል። ፍራሹን ሳነሳው ከሥሩ ያለው ኮምፐርሳቶ ላይ የፍራሹ ቅርጽ በጥቁርና በአረንጓዴ ሻጋታ ተስሏል፤ አንዱን ጥግ በአውራ ጣቴ ብጫነው ወጥ ውስጥ እንደ ነከሩት ዳቦ ገባልኝ። የልጄ የሥዕል ደብተር ትራሱ ሥር ነበር። የአርባ ምንጭን አዞዎች የሳለችበት ነው፤ ገጾቹ ተጣብቀው ቀለሙ አንዱ በአንዱ ላይ ፈሷል። ይዛው አለቀሰች። ታናሽ ወንድሟ አስም ስላለበት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መኪናዋ እንዲጠጋ አልፈቀድሁም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ይህን ያህል አሽጌያት ውሃው ከየት መጣ? ሁለተኛው፣ በጥር ወደ ባሌ ልንወጣ አስበናል። ባለፈው ዓመት ዲንሾ ላይ አንድ ሌሊት ብቻ አድረን የውሃ ፓምፓችን ተሰንጥቆ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውሃ ብርድ ልብሳችንን አርሶት ነው የነጋው። ብርዱንና እርጥበቱን አንድ ላይ እንዴት ነው የምንከላከለው?


ላሜራና ብየዳ (ሐዋሳ)
ሐምሌ 29፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ፣ አይዞህ፤ ትድናለች። የቅጥቅጥ አካል መሥራት ከጀመርሁ 20 ዓመት አልፎኛል፤ ከአንተ የባሰችውን አድነናል።

በመጀመሪያ ያን ሲሊኮን በምላጭ ፋቀው። ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት ይሁን። መኪና በመንገድ ላይ ትጠማዘዛለች፣ ትላወሳለች፤ ሲሊኮኑ ከቀለሙ ላይ በአንድ ጎን ይላቀቅና ውሃ ሥሩ ይገባል። ከላይ ስታየው ደህና ይመስላል፣ ከሥር ላሜራው ይዝጋል። ደግሞም ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ሌላ ማጣበቂያም ሆነ ቀለም አይዝም። ስለዚህ ፍቀው፣ በቲነር አጽዳው፣ ዝገት ካለ ብረቱ እስኪያበራ አሸው፣ ፀረ ዝገት ቀባው፤ ከዚያ የመኪና መስታወት የሚጣበቅበትን ፖሊዩሪቴን ተጠቀም። እሱ ከላሜራው ጋር አብሮ ይለጠጣል።

ሁለተኛ፣ መገጣጠሚያውን ትተህ የፖርቶመጋላውን እግሮች ፈትሽ። በእኔ ልምድ ቅጥቅጥ ከሚያፈስባቸው ቦታዎች ዋናው እሱ ነው። ብሎኑ ጣሪያውን በስቶ ያልፋል፣ ዕቃ ሲጫን እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከሥሩ ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንተ ደግሞ ሶላር ጨምረህበታል።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ አይደለም። በጣሪያው አጥንት ላይ ተንሸራትቶ ሁለት ሜትር ሄዶ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ስትፈትሽ የውሃ ጎማ ይዘህ፣ ውሃ እያፈሰስህ ከታች ጀምር። የጎን ላሜራውን አሥር ደቂቃ፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፤ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ከላይ ከጀመርህ ውሃው ሁሉንም ያዳርሰውና የትኛው እንዳስገባ አታውቅም።

ሦስተኛ፣ ከጎን ላሜራው ግርጌና ከበሩ ሥር ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የገባው ውሃ እንዲወጣባቸው ብለን የምንተዋቸው ናቸው። በጭቃ ተደፍነው ታገኛቸዋለህ። በቀጭን ሽቦ ክፈታቸው።


የፊዚክስ መምህሩ (ሐዋሳ)
ሐምሌ 30፣ ከጠዋቱ 1፡10

ላሜራ ሠሪው ወንድማችን የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጥያቄውን ግማሽ ነው የሚመልሰው። አንዲት ጠብታ ዝናብ ባይገባ እንኳ መኪናዋ ትሻግት ነበር።

የዲንሾውን ሌሊት አስቡት። የመኪናዋ ውስጥ 20 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይይዛል እንበል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 17 ግራም ያህል እንፋሎት መሸከም ይችላል፤ 5 ዲግሪ ሲሆን ግን 7 ግራም አይሞላም። ስለዚህ ያ ሁሉ አየር ሲሞቅ እስከ 340 ግራም የተሸከመውን፣ ሲቀዘቅዝ ከ140 ግራም በላይ መያዝ አይችልም። ቀሪውን የት ያድርገው? በጣም የቀዘቀዘው ነገር ላይ ይጥለዋል፤ መስታወቱ ላይና የላሜራው አጥንት ላይ።

አሁን እናንተን አራታችሁን እንጨምር። ሰው ተኝቶ በትንፋሹና በቆዳው እንፋሎት ያወጣል፤ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ በአንድ ሌሊት በጠቅላላው አንድ ሊትር ገደማ ታወጣላችሁ። ማታ እራት ስትሠሩ ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ ይወለዳል። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ሌላ ነው። ይህ ሁሉ በታሸገ ሣጥን ውስጥ! ከጣሪያው የወረደባችሁ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው።

በግቢ ቆማ የሻገተችበት ምክንያትም ያው ነው። ስታሽጋት ፍራሹ፣ እንጨቱ፣ መጋረጃው ትንሽ ትንሽ እርጥበት ነበራቸው፤ ምናልባትም በፖርቶመጋላው እግር ጥቂት ዝናብ ገብቷል። ቀን ላይ ፀሐይ ላስቲኩን ስታግለው እርጥበቱ ይተናል፤ ሌሊት ላሜራው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል። በየቀኑ እየተነነ እየወረደ አንድ ወር ሙሉ መውጫ አላገኘም። የሸፈንህባት ላስቲክ ጠበቃት ብለህ ታስባለህ፤ እኔ ግን ዋናው ጥፋት እሱ ነው እላለሁ።


አዳማ ነዋሪ (አዳማ)
ሐምሌ 30፣ ከቀኑ 6፡05

እኛ አዳማ ላይ የሚያስቸግረን አቧራው ነው እንጂ እርጥበቱ ይህን ያህል አይደለም። ቢሆንም እናቴ በቁም ሣጥን ውስጥ ጨው በሳህን ታስቀምጥ ነበር፤ እርጥበት ይስባል። አንድ አምስት ኪሎ ጨው በየጥጉ ብታደርግበት ምን ይመስልሃል?


ላሜራና ብየዳ (ሐዋሳ)
ሐምሌ 30፣ ከቀኑ 7፡30

ወንድሜ፣ አሳቢነትህን አከብራለሁ፤ ጨው ግን ከላሜራ ይራቅ። እርጥበት ስቦ ሲሟሟ የሚፈሰው የጨው ውሃ ብረቱን ከዝናብ ይልቅ ቶሎ ይበላዋል። ጨው የሚጭኑ መኪናዎች ወለላቸው ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ።


የፊዚክስ መምህሩ (ሐዋሳ)
ሐምሌ 30፣ ከቀኑ 8፡00

በዚያ ላይ የገበታ ጨው ውሃ መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ነው። ሻጋታ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ውስጡን ከ60 በመቶ በታች ማድረግ ነው የሚሻለው፤ ለዚያም አየር እንጂ ጨው አይረዳም።


ታቦር ሥር (ሐዋሳ)
ነሐሴ 1፣ ከምሽቱ 1፡15

ይህን ርዕስ ሳይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ጀርመን 11 ዓመት ኖሬ ወደ ሐዋሳ ከተመለስሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። እዚያ ሳለን የመኖሪያ መኪና ነበረን፤ በየዓመቱ ለክረምቱ እናዘጋጀው ነበር።

እዚያ ብርዱና እርጥበቱ ባንድ ወቅት ነው የሚመጡት። ሰው አንድ ጊዜ ውሃውን አፍስሶ፣ ፍራሹን አውጥቶ ያቆመውና ጸደይ ሲገባ ይከፍተዋል። በይነመረብ ላይ የምናነበው ምክር ሁሉ ለዚያ አገር የተጻፈ ነው። የእኛ አገር ግን ሁለቱን ለይቶ ነው የሚሰጠን። ክረምታችን እርጥብ ነው፣ ውርጭ ግን የለውም። ውርጩ የሚወርደው በበጋው ነው፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ በሚታይበት ሌሊት፣ አየሩ በደረቀበት ጊዜ። ስለዚህ ለእኛ ዝግጅቱ ሁለት ነው። ወንድሜ፣ አንተ ለሐምሌው ዝናብ የጥር ብርድ መከላከያ አደረግህበት፤ ሸፋፈንኻት። ለሐምሌ የሚያስፈልጋት ጥላ ነበር።

እኔ ብሆን ላስቲኩን ጥዬ ከመኪናዋ በላይ በአራት ቋሚ የሸራ ወይም የቆርቆሮ ዳስ አቆም ነበር። ዝናቡ አይነካትም፣ ነፋሱ ግን በዙሪያዋ ይመላለሳል። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጻሕፍቱን ሁሉ ወደ ቤት አስገባ። የቁም ሣጥኖቹን በሮች ክፍት ተው። ዝናቡ ባባራ ቁጥር መስኮቶቹን ክፈት፣ ሲመሽ ዝጋ። ደግሞም ከሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር የምታቆሙ ሰዎች ካላችሁ አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች ማደሪያ ራቁ። ኩሳቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ቀለም ይበላል፤ ቀለሙ ከሄደ ዝገቱ ተከታዩ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያስደነገጠኝ የወለሉ ቀዳዳዎች ነገር ነው። እባክህን ዛሬውኑ ክፈታቸው! የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ ወደ ወለል ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል፤ እነዚያ ቀዳዳዎች እንዲወጣ የተተዉ ናቸው። ለአይጥ የምትሰጋ ከሆነ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ ምታበት። የገጠመልህ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።


የሐይቅ ዳር ቤተሰብ (ሐዋሳ)
ነሐሴ 1፣ ከምሽቱ 1፡50

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን አንብቤ በባትሪ ወጥቼ ሁለቱንም ከፍቻቸዋለሁ። ልጆቼን ይዤ እንደዚያ ተደፍኖ ብሄድ ኖሮ ብዬ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።


ጎባ ደርሶ መልስ (ሻሸመኔ)
ነሐሴ 2፣ ከጠዋቱ 3፡20

የባሌን መስመር ስመላለስበት ዓመታት ሆኖኛል፤ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጌ ዲንሾ፣ ሮቤና ጎባ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ የሳነቴ አምባ ደግሞ ከ4,000 በላይ ነው። ማታ እጅጌ ጉርድ ለብሰህ ተነስተህ በማግሥቱ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ራዲያተርህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ውሃ ብቻ ከሆነ ከሐዋሳ አትነሳ። ብዙ ሰው ቆላ ላይ ስለሚሠራ ውሃ ብቻ ይሞላል፤ ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ብረቱን ይሰነጥቃል። ፓምፕህንም የሰነጠቀው ይኸው ነው። አንቲፍሪዝና ውሃ እኩል በእኩል ከተቀላቀለ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፤ ባሌ ላይ ያን ያህል አይደርስም።

የመጠጥ ውሃውን ነገር ቀላል አድርገው። ዲንሾ ስትደርስ ሳይመሽ የሮቶውን ማፍሰሻ ክፈት። ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፍት አድርገህ ፓምፑን ጥቂት ሰከንድ አሠራው፤ በሆዱ የቀረችው እሷ ናት የምትሰነጥቀው። ለሌሊቱ የሚሆናችሁን በጀሪካን ያዝ፤ ሩብ ያህል አጉድለህ አስቀምጠው፣ ቢረጋም መስፊያ ይኑረው።

ባትሪህ ሙሉ ይሁን። ሙሉ የሆነ የአሲድ ባትሪ ውርጭ አይበግረውም፤ የተራገፈ ከሆነ ግን ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ሊረጋ ይችላል። ናፍጣውንም ሞልተህ እደር። ባዶ ታንከር ውስጥ ሌሊት ጤዛ ይቋጥራል፣ ውሃው ወደ ማጣሪያው ይወርዳል። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን መክፈቻ በየጊዜው ፈታ አድርጋት፤ በብርጭቆ ተቀብለህ እየው፣ ውሃው ከሥር ተለይቶ ይታይሃል።

ብርዱ ከጸናባችሁ እኔ ከመተኛቴ በፊት ከሰል በደንብ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ጋቢናው ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱ ይቆያል።


የሌሊት ተረኛ ነርስ (ሐዋሳ)
ነሐሴ 2፣ ከቀኑ 5፡45

ጎባ ደርሶ መልስ፣ ወንድሜ፣ ስለ መኪናው የጻፍኸው ሁሉ ይጠቅማል። የመጨረሻውን አንቀጽ ግን ማንም እንዳይከተልህ እለምናለሁ፤ አንተም ከዛሬ ጀምሮ ተው።

ጭሱ ሲያልቅ ከሰሉ ደህና ሆነ ብለን እናምናለን። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ፍም የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ይህን ሳያውቅ ይቀራል። ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ አስቀድሞ ስለሚያንስ አደጋው ይብሳል። በቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ያደሩ ቤተሰቦችን ተረኛ ሆኜ ተቀብያለሁ። አንዲት እናት እራሷ ተርፋ ልጇን ስትጠይቀኝ መልስ አጥቼ ቆሜያለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ለዘብ ማለት አልችልም።

ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ለማሞቂያ አይሁን። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉ። ቁምጣና ቀሚስ ትታችሁ ካልሲና ኮፍያ ለብሳችሁ ተኙ። ጋቢ ድርብ ነው፣ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሁለት ጋቢ ከአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ አያንስም።

የሻገተውን በተመለከተ፣ የረጠበ ስፖንጅ ፍራሽ ከውስጥ አይጸዳምና ለአስም ልጅ ሲባል ይጣል። ኮምፐርሳቶውም ከለሰለሰ ይነሳ። ላሜራውና ፎርማይካው በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፤ በረኪና የምትጠቀም ከሆነ መስኮትና በር ከፍተህ፣ ለብቻው ተጠቀም። ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አታደባልቀው። አፍንጫህን ሸፍን፤ ልጁ ደግሞ ሥራው አልቆ መኪናዋ ተናፍሳ እስክትደርቅ ድረስ አይቅረብ።


ጎባ ደርሶ መልስ (ሻሸመኔ)
ነሐሴ 2፣ ከምሽቱ 12፡30

እህቴ፣ ጠዋት ጠዋት ራሴን ሲያመኝ የከፍታው ነው እያልሁ ነበር። ማንደጃውን ከመኪናው አውርጄዋለሁ። ረዳቴንም አስጠንቅቄዋለሁ።


እናት ከመናኸሪያ (ሐዋሳ)
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 2፡00

እኛም እንደዚሁ ዓይነት መኪና ልናሠራ ነው። ግድግዳዋ ከላሜራው በኋላ በምን ቢሞላ ይሻላል? አንዱ ባለሙያ የመስታወት ጥጥ አለን፣ ሌላው የፍራሽ ስፖንጅ ይበቃል አለን።


ላሜራና ብየዳ (ሐዋሳ)
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 3፡10

ሁለቱም ውሃ ይጠጣሉ፣ እመቤቴ። አንድ ጊዜ ከረጠቡ በላሜራውና በኮምፐርሳቶው መካከል ተቀምጠው ብረቱን እንደ እርጥብ ጨርቅ ያቅፉታል። የስሊፐር ጫማ ሶል የሚሠራበትን ዓይነት ፎም ፈልጉ፤ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ አይጠጣም። ስትገዙ ቁራጭ አስቆርጣችሁ ባልዲ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ጠዋት ጨምቁት። ውሃ ካልወጣው ትክክለኛው እሱ ነው። ደግሞም በአጥንቶቹ መካከል ብቻ ሞልታችሁ አትተዉ፣ አጥንቱን ራሱን በስሱ አልብሱት። ብረቱ ከውጭ ብርዱን ወደ ውስጥ የሚያመጣው በእሱ በኩል ነው።


የሐይቅ ዳር ቤተሰብ (ሐዋሳ)
መስከረም 20፣ ከቀኑ 9፡15

እንኳን አደረሳችሁ። ቃል ሳልገባ ብሄድም ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

የውሃ ጎማውን ይዤ ከታች ጀመርሁ፤ ባለቤቴ ባትሪ ይዛ ውስጥ ተቀመጠች። የጎን ላሜራውም መስኮቱም ደህና ነበሩ። ጣሪያው ላይ ከኋላ በግራ በኩል ያለው የፖርቶመጋላ እግር ላይ ውሃውን ባሳረፍሁ በስድስተኛው ደቂቃ "መጣ!" ብላ ጮኸች። ውሃው የወጣው ግን በቀኝ በኩል፣ ልክ ከልጄ ትራስ በላይ ነው። ላሜራ ሠሪው እንዳሉት በአጥንቱ ላይ ተሻግሮ ሄዷል። እግሩን ስፈታው ጎማው እንደ ደረቀ ቅርፊት በእጄ ላይ ተፈረካከሰ። ብረቱን አሽቼ፣ ፀረ ዝገት ቀብቼ፣ አዲስ ጎማ አስቆርጬ በፖሊዩሪቴን መለስሁት። ለስድስቱም እግሮች እንዲሁ አደረግሁ።

የግርጌዎቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ስከፍት ከሦስተኛው ውስጥ ሻይ የመሰለ ውሃ ወጣ። ቆርቆሮ ደቅኜ ለካሁት፤ ከአንድ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ይህ ሁሉ በላሜራው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

አልጋውን በሙሉ ቀየርሁት። ኮምፐርሳቶውን ካነሳሁ በኋላ ርብራብ ላሠራ አስቤ ነበር። አባቴ ሊጠይቁን መጥተው አይተው "ለምን የጠፍር አልጋ አታደርገውም? እኛ ስንተኛበት ፍራሻችን መቼ ሻግቶ ያውቃል?" አሉኝ። ብረቱን አራት ማዕዘን አስበይጄ ጠፍሩን እርሳቸው ራሳቸው እያጠበቁ ጠለፉት። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ከሥሩ እጄን ስሰድ አየሩ ፍራሹ ድረስ ሲደርስ ይሰማኛል።

የጣሪያው አየር ማስገቢያ ላይ ዝናብ የማያስገባ ክዳን አስሠርቼ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ትንሽ ፋን ገጠምሁበት። ፀሐይ ስትወጣ ብቻ እንዲሠራ አድርጌ ከሶላሩ ጋር አገናኘሁት፤ ሲጨልም ይቆማል። የውጩ አየር የሚደርቀው ያኔ ስለሆነ ከእኔ መመላለስ ይልቅ እሱ ሰዓቱን ይጠብቃል።


የፊዚክስ መምህሩ (ሐዋሳ)
መስከረም 20፣ ከምሽቱ 1፡05

የፋኑ ሐሳብ ለተማሪዎቼ የማሳየው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የሶላርህ ባትሪ ሊቲየም ከሆነ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሳለ ኃይል እንዲሞላ አትፍቀድለት፣ ይጎዳል። ዲንሾ ላይ ጠዋት ፀሐይ ቶሎ ሶላሩን ታገኛለች፣ ባትሪው ግን ገና ብርድ ላይ ነው። እስኪሞቅ ድረስ ሶላሩን አቋርጠው። ሌሊትም የአየር ማስገቢያውንና አንድ መስኮት በሁለት ጣት ያህል ክፍት አድርጋችሁ ተኙ። ብርድ ይገባል ብላችሁ አትፍሩ፤ የባሌ የበጋ አየር ደረቅ ነው፣ እርጥበታችሁን ይዞላችሁ ይወጣል።


የሐይቅ ዳር ቤተሰብ (ዲንሾ)
ጥር 14፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከዲንሾ ነው የምጽፈው፤ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ይላል። ትናንት ከሐዋሳ ተነስተን ሳይመሽ ደረስን። ሮቶውን አፈሰስሁ፣ ፓምፑን አናፈስሁ፣ እራታችንን በሩን ከፍተን ሠራን። የጣሪያውን ማስገቢያና የጋቢናውን መስኮት በሁለት ጣት ያህል ክፍት አድርገን፣ ሁለት ሁለት ጋቢ ደርበን፣ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ እግራችን ሥር አድርገን ተኛን። ትንሹ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ አንዴም አላሳለም።

ከበሩ ውጭ ያስቀመጥሁት ጀሪካን ላይ ጣት የሚያህል በረዶ ተጋግሯል። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግሁት እጄን በጣሪያው አጥንቶች ላይ አንድ በአንድ ማሳለፍ ነው። ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ። ከሹፌሩ ወንበር በስተጀርባ ያለው አንዱ ብቻ መዳፌን አረሰው። አጥንቶቹን ፎም ሳለብስ ሳልደርስበት የቀረው እሱ ነው። ልጄ አዲስ ደብተር ይዛ ደጅ ወጥታለች፤ አጋዘኖቹን እየሳለች ነው።


ላሜራና ብየዳ (ሐዋሳ)
ጥር 14፣ ከጠዋቱ 2፡05

እሰይ! እሷን አጥንት እናለብሳታለን፤ ስትመለስ ቅዳሜ ጠዋት ይዘሃት ና። ሳነቴን ስትወጡ ማርሽ አሳንሰህ ቀስ በል፣ ስትወርድም በማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አትውረድ።